ሸገር ኤፍ ኤም 102.1፦ ከጨዋታ የተነሳ ሬዲዮ

ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በአዲስ አበባ የሚገኝ የግል የንግድ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ሥራ የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ጋዜጠኛ መዓዛ ብሩ፣ የሕግ ባለሙያና ተዋናይ አበበ ባልቻ እንዲሁም ተዋናይ ተፈሪ ዓለሙ ይገኙበታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሬዲዮ መሰማት የጀመረው በ1920ዎቹ ነው። የግል ባለሀብት ጣቢያ እንዲከፍት ሕግ የፈቀደው ግን በብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178/1991 ነው። አዋጁ ወጣ እንጂ ፈቃዱ ቶሎ አልመጣም። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ ሁለት አመልካቾች ተሳካላቸው። አንዱ ሸገር፣ ሌላው ዛሚ 90.7 ነበር።

መዓዛ ለአድማጭ አዲስ ድምፅ አልነበረችም። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሠርታለች። የመንግሥት በሆነው ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ላይ ደግሞ «ጨዋታ» የተባለ ፕሮግራም ነበራት። የሸገር ጠባይ የተቀዳው ከዚያ ይመስለኛል። ንግግሩ ረጋ ያለ ነው፤ ቋንቋው የቤት አማርኛ ነው። ዜናውን እንኳ «የሸገር ወሬ» ብሎ ነው የሚያቀርበው።

የጣቢያው ትልቁ ሀብት «የጨዋታ እንግዳ» ነው። እንግዳው ከልጅነቱ ይነሳል፤ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ሥራው ያወራል። አንድ ሰዓት ካልበቃ ወሬው ለሚቀጥለው ሳምንት ይተርፋል። መዓዛ አታቋርጥም፤ ትጠብቃለች። የንጉሡን ዘመን፣ አብዮቱንና ደርግን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያውቁትን ተናግረዋል። ብዙዎቹ ማስታወሻ ሳይጽፉ አልፈዋል። ድምፃቸው ግን ተቀድቷል። ያ ክምችት በወጉ ተደራጅቶ ለተመራማሪ ቢከፈት እንዴት ደስ ባለኝ!

የእሸቴ አሰፋ «መቆያ» የዓለምንና የአገርን ታሪክ ይተርካል። በ«ሸገር ሼልፍ» አንዷለም ተስፋዬ መጽሐፍ ያነባል። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ትረካው ሳያልቅ መውረድ ያስቆጨው ሰው ጥቂት አይደለም። በሙዚቃው በኩል የብርሃኑ ድጋፌ «ለዛ» አለ። አድማጭ ድምፅ የሚሰጥበት የለዛ ሽልማት የወጣው ከዚሁ ፕሮግራም ነው።

ገቢው እንደ ማንኛውም የንግድ ሬዲዮ ከማስታወቂያና ከስፖንሰር ነው። በከተማዋ ኤፍ ኤሞች የአየር ሰዓት ገዝተው ፕሮግራም የሚሠሩ ተባባሪ አዘጋጆችም የተለመዱ ናቸው። ይህ አሠራር ለብዙ ወጣት ጋዜጠኞች በር ከፍቷል። ኪሳራውም አለው፤ ስፖንሰር ከሄደ ጥሩ ፕሮግራምም አብሮ ሊቋረጥ ይችላል።

ከሸገር በኋላ አፍሮ 105.3፣ ብስራት 101.1፣ አሀዱ 94.3 እና ሌሎችም መጡ። ፉክክሩ በረታ፤ አድማጩም በየፊናው ተከፋፈለ። ዛሬ የሸገር ፕሮግራሞች ዩቲዩብ ላይም ይጫናሉ። ሞገዱ ለማይደርሳቸው፣ ባሕር ማዶ ላሉ አበሾችም «መቆያ» ከስልካቸው አይጠፋም።