የሥነ ጽሑፍ ዋጋ ምንድን ነው? «ወደድኩት» እና «ጥሩ ነው» ሲጣሉ

ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለናል። የወንድሜ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «ጋሼ፣ ይሄንን ሳታነብ እንዳትሞት!» አለኝ። ከቴሌግራም ያወረደው የፋንታሲ ልቦለድ ፒዲኤፍ ነው። ድራጎን አለ፣ አስማት አለ፣ ዙፋኑን የተነጠቀ ወላጅ አልባ ልጅ አለ። አራት ቅጽ። ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ ለፈተና ያልነሳውን ሌሊት ለድራጎኑ ይነሳል።

ሠላሳ ገጽ ያህል አነበብኩለት።

«እህስ?»

«ደከም ይላል።»

«እሱ ያንተ አስተያየት ነው!»

ክርክሩ እዚህ ጋ ቢያልቅ ኖሮ አሳችንን በልተን እንሄድ ነበር። ግን ነገሩ ከነከነኝ። እውነት የኔ አስተያየት ብቻ ነው?

የሥነ ጽሑፍ ዋጋ ሲባል የመጽሐፉ የሽያጭ ብር አይደለም። ጽሑፉ በጽሑፍነቱ ምን ያህል ጥሩ ነው ማለት ነው። ቋንቋው፣ አወቃቀሩ፣ የገጸ ባሕርያቱ ሰውነት፣ ሁለተኛ ሲያነቡት የሚጨምረው ነገር። ጥያቄው ይሄ ጥሩነት እንደ አሳ ኪሎ ሚዛን ላይ የሚወጣ ነው ወይስ እንደ ቡና ስኳር ለየሰው የተተወ የሚል ነው።

እኔ መጀመሪያ ሁለት አባባሎችን እለያለሁ። «ወደድኩት» ስል የምናገረው ስለ ራሴ ነው። ማንም «አይ፣ አልወደድከውም» ሊለኝ አይችልም። «ጥሩ ነው» ስል ግን ስለ መጽሐፉ ነው የተናገርኩት። ያኔ አንዱ ተነስቶ «በምኑ?» ቢለኝ መልስ አለብኝ። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በወጣትነቴ ያነበብኳቸው የወንጀል ልቦለዶች አሉ፣ ሽፋናቸው የተቀደደ። አሁንም እወዳቸዋለሁ። ጥሩ አይደሉም። ቢሆንም ለማንም አልሰጥም።

የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1757 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ጣዕም መለኪያ በጻፈው ድርሰት ዶን ኪሆቴ ከተባለው የስፔን ልቦለድ የወሰዳት ታሪክ አለች። ሁለት ሰዎች የአንድ በርሜል ወይን ቅመሱ ተባሉ። አንዱ «ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ቆዳ ቆዳ ይላል» አለ። ሌላው «ጥሩ ነው፣ ግን ብረት ብረት ይላል» አለ። ሰው ሳቀባቸው። በርሜሉ ሲገለበጥ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ተገኘ።

እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ሄዶ አሳ የገዛ ሰው ይሄ ይገባዋል። እዚያ ያሉት ልጆች የአሳውን ዓይንና ስንጥብ ብቻ አይተው የዛሬ ነው ወይም አድሯል ይሉሃል። ላንተ ሁሉም አሳ ነው። ለነሱ ግን አይደለም፤ እጃቸው ላይ ስንት ሺህ አሳ አልፏል። ልዩነቱ አሳው ላይ ነው ያለው፣ የሚያየው ግን የለመደ ዓይን ነው።

ይሄን ለመረዳት ደግሞ እስከ ስኮትላንድ መሄድ አያስፈልገንም። የቅኔ ቤት አለን። ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭሩ የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ነው። ተማሪው ተቀኝቶ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ «ደስ አለኝ፣ ደስ አላለኝም» ብሎ አያሰናብተውም። ሰሙ ወርቁን ይሸከማል ወይ? ዜማው ልኩን ጠብቋል? የተዘረፈው አዲስ ነው ወይስ የትናንቱ ቅኔ ልብሱን ቀይሮ መጣ? ይሄ ሁሉ ይጠየቃል፣ ይታረማል። ወርቁ ከሌለ የለም። ሃምሳ ሰው ቢያጨበጭብም አይመጣም።

«ቅኔ ሌላ፣ ፋንታሲ ሌላ» ይባል ይሆናል። ፋንታሲ ላይ የሚሰነዘረውን ንቀት አውቀዋለሁ። «ተረት ነው» ይሉና ይዘጉታል። በነገራችን ላይ የተማሩ የሚባሉትም አይሻሉም። በ1956 አሜሪካዊው ሐያሲ ኤድመንድ ዊልሰን የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን የፋንታሲ ልቦለድ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን የልጅ ዝባዝንኬ አድርጎ አብጠለጠለው። በዚያው ዓመት ገጣሚው ኦደን አወድሶት ስለ መጽሐፉ መካከለኛ አስተያየት ያለው ሰው እንደማይገኝ ጻፈ። በ1961 ደራሲው ሲ ኤስ ሉዊስ ቶልኪንን ለኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ጠቆመው። የኮሚቴው አባል አንደርሽ ኦስተርሊንግ ግን ተረኩ የላቀ ደረጃ ላይ አይደርስም ብሎ ውድቅ አደረገው። ሰነዱ ለሕዝብ የተከፈተው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ መጽሐፉ ዓለምን ዞሮ ጨርሶ ነበር።

የወንድሜ ልጅ ይሄን ስነግረው ዓይኑ በራ። «አየህ! ሊቆቹ ራሳቸው አይስማሙም!» አለ። አለመስማማት ግን መልስ የለም ማለት አይደለም። ሁለቱ ቀማሾችም አልተስማሙም፤ ቁልፉ ግን በርሜሉ ውስጥ ነበር። ዊልሰን ደግሞ እንደሚመስለኝ ድራጎንና ጠንቋይ ሲያይ ገና አፍንጫውን ይዟል። አፍንጫ ተይዞ አይቀመስም።

ታዲያ የፋንታሲ ወርቁ ምንድን ነው? ራሱ ቶልኪን በ1939 ስለ ተረት ባደረገው ንግግር ደራሲው ሁለተኛ ዓለም ይፈጥራል፣ አንባቢው እዚያ ሲገባ የሚነገረው ሁሉ በዚያ ዓለም ሕግ እውነት መሆን አለበት አለ። ሕጉ ከፈረሰ አስማቱም ይፈርሳል።

እኔ ይሄን የተማርኩት ከልጄ ነው። አምስት ዓመቷ ሳለ ማታ ማታ «ተረት ተረት»፣ «የላም በረት» እያልን ስለ አያ ጅቦ እነግራት ነበር። የኔ ጅብ ውኃ አይሻገርም። አንድ ማታ ግን ደክሞኛል፣ ቶሎ እንዲያልቅ ጅቡን በወንዙ አሻገርኩት። ከብርድ ልብሱ ውስጥ ተነስታ ቁጭ አለች። «አባ፣ ትናንት ውኃ አይሻገርም አላልክም?» ጅብ ማውራቱ ቅር አላሰኛትም። መዋሸቴ ነው ያስከፋት። እሱን የሚመስል ሂስ ከዚያ በኋላም ብዙ አልሰማሁም።

ስለዚህ ለወንድሜ ልጅ ያልኩት ይሄን ነው። ድራጎን መኖሩን ትቼዋለሁ። ልጁ ሲፈራ «በጣም ፈራ» ይላል መጽሐፉ፤ ሲያዝን «በጣም አዘነ»። ሠላሳ ገጽ ውስጥ እጁ ምን ላይ እንደነበረ፣ ምን እንደሸተተው አንዴም አልተነገረኝም። ይሄንን ጣቴን ገጹ ላይ አድርጌ አሳየሁት። አስተያየት ሊባል ይችላል፤ ግን በጣት የሚጠቆም አስተያየት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ለየሰው ነው፣ እውነቱን ለመናገር። እሱ የታሪኩን ፍጥነት ያስቀድማል፣ እኔ ቋንቋውን። ሁለታችንም ያለውን አይተን ክብደቱን ለየብቻ ልንሰጥ እንችላለን። ሂዩም ራሱ ከጥንት ሮማ ጸሐፊዎች በሃያ ዓመት የፍቅር ገጣሚው ኦቪድ፣ በአርባ ገጣሚው ሆራስ፣ በሃምሳ የታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ ይጥማል ብሏል። እኔ ወደ ታሲተስ እየተጠጋሁ ነው፤ ልጁ ገና ኦቪድ ጋ አልደረሰም። ስንት ሰው አነበበው የሚለውን ግን አልቀበልም፣ በሁለቱም በኩል። ብዙ ሰው መውደዱ ጥሩ አያደርገውም። ሕዝብ ስለወደደው ተራ ነው ማለትም የባሰ ስንፍና ነው።

ሐሙስ ማታ ደወለልኝ። ድምፁ ተናዷል።

«ጋሼ፣ አንደኛው ቅጽ ላይ አስማት የሚሠራ ሰው ደሙን ይከፍል አልነበር?»

«ነበር።»

«ሦስተኛው ላይ በነፃ ሆነ! ዝም ብሎ እጁን ያነሳል፣ ግንቡ ይፈርሳል። ምን ማለት ነው?»

«ምን ልታደርግ ነው ታዲያ?»

ትንሽ ዝም አለ። «አራተኛውን ጀምሬዋለሁ።»