ገበታ፣ ዳማና የጣት ፊደል፦ መስማት ለተሳናቸው የጅማ ልጆች

ቋንቋን በሰሌዳ ጨዋታ ማስተማር ቀላል ሐሳብ ነው። ልጁ የሚናገርበት ምክንያት ያገኛል። «ተራዬ ነው»፣ «ስጠኝ»፣ «ቆይ፣ እሱ አይቻልም» ሳይል ጨዋታው አይሄድለትም። መስማት ለተሳነው ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጅማ ውስጥ ቡና የሚፈላበትን ቤት አስቡት። ከአቦል እስከ በረካ ወሬው አይቋረጥም። የሚሰማ ልጅ ጥግ ይዞ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ይለቅማል። መስማት የተሳነው ልጅ ግን የሚያየው የሚንቀሳቀስ አፍ ብቻ ነው። ከእነዚህ ልጆች ከ10ሩ 9ኙ ወይም ከዚያ በላይ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ስለዚህ ብዙ ቤት ውስጥ የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው የለም። በማጅራት ገትር ወይም በኩፍኝ የመስማት ችሎታውን ያጣ ልጅ ደግሞ ጥቂት ቃላት ይዞ ሊመጣ ይችላል። እነሱም ካልተሠራባቸው ይጠፋሉ።

ዕቃው ከሩቅ አይመጣም። ጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ በመጥረብ የታወቀች ከተማ ናት። በርጩማ የሚጠርብ እጅ ገበታ መፈልፈል አያቅተውም። ባለ ሁለት ረድፉ ገበታ 12 ጉድጓድ አለው። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ከገባ 48 ይሆናል። ጠጠር ከሌለ ደረቅ ቡና ይበቃል። ለዳማ ካርቶንና ቆርኪ ካለ ሌላ አያስፈልግም። ገበታ ቁጥርን፣ «ይበልጣል»ንና «ያንሳል»ን ያስተምራል።

ዳማ የሚያስተምረው ሌላ ነው። «በላሁህ» እንላለን። የሚሰማ ልጅ «በላ» የሚለው ቃል እንጀራም ቆርኪም እንደሚይዝ ከሰፈር ልጆች ሰምቶ ያውቃል። መስማት የተሳነው ልጅ ቃሉን ያገኘው ደብተር ላይ፣ በአንድ ትርጉም ብቻ ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ልጆች ንባብን ከሚያከብዱ ነገሮች አንዱ ይኸው ብዙ ትርጉም ያለው ቃል ነው። ቆርኪው ሲነሳ ቃሉን በካርድ ጽፎ ማሳየት ሁለተኛውን ትርጉም ዓይኑ ሥር ያመጣለታል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የፊደል ገበታ ነው። ስሙ ራሱ ገበታ ነው! በኢትዮጵያ የጣት ፊደል እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት 7ቱ ድምፆች የሚለዩት እጁ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው። ሰሌዳው ላይ ወደ ታች ሲወርዱ ቅርጹ ይለወጣል፣ ወደ ጎን ሲሄዱ እንቅስቃሴው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ቤት ይወጣቸዋል። ዳይስ ተጥሎ ቆርኪው ያረፈበትን ፊደል ልጁ በእጁ ያሳያል። ከዚያ በፊደሉ የሚጀምር ቃል ይፈልጋል። «ቡ» ላይ ያረፈ ልጅ «ቡና» ሲል ማየት ደስ ይላል።

አጨዋወቱ ላይ አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህ ልጅ የሚያዳምጠው በዓይኑ ነው። ሰሌዳውንና የሰውን እጅ በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም። ስለዚህ ሰው በምልክት ሲናገር ጠጠር አይነካም። መጀመሪያ ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ ዓይኑን አግኝቶ፣ ከዚያ መናገር ነው። የሚያስረዳው ሰው ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ መቀመጥ የለበትም፤ ፊቱ ይጨልማል። በምልክት ቋንቋ ደግሞ ፊት የሰዋስው አካል ነው። በጅማ ረጅም ክረምት ሰማዩ ጠቁሮ በሚውልበት ቀን ጨዋታውን በር አጠገብ ማድረግ ይሻላል። የመስሚያ መሣሪያ ላደረገ ልጅ ገበታው ሥር ጨርቅ ቢነጠፍ የጠጠሩ ኳኳታ ይቀንሳል።

እናት፣ አባት፣ ታላቅ እህት አብረው መጫወት አለባቸው። ለመጀመር 10 ያህል ምልክት ይበቃቸዋል፦ ተራ፣ ስጥ፣ ቁጠር፣ ጠብቅ፣ ስንት፣ አሸነፍክ፣ እንደገና...