«ዙም አድርገህ ሙላው!» እና ሌሎች የቪዲዮ ዎል ስህተቶች

ስክሪኖች ገጣጥመን ቪዲዮ ዎል በሠራን ቁጥር አንድ ትእዛዝ አይቀርም፦ «ግራና ቀኙ ለምን ጥቁር ሆነ? ዙም አድርገህ ሙላው!» መሙላቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ምን እንደሚቆረጥ ግን ማንም አይጠይቅም። ሰልችቶኛል።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። አንዱ ስክሪን 16 በ9 ነው፤ ወርዱ 16 ቢሆን ከፍታው 9 ማለት ነው። ሁለት በሁለት ወይም ሦስት በሦስት ከደረደራችሁት ግድግዳውም 16 በ9 ይሆናል፤ ቪዲዮው ልክክ ይላል። ሦስት ወደ ጎን፣ ሁለት ወደ ላይ ከሆነ ግን ቅርጹ 8 በ3 ነው። እዚህ ላይ ተራ ቪዲዮ ስታሳዩ ወይ ግራና ቀኙን ጥቁር ትተዋላችሁ፣ ወይ ትለጥጡታላችሁ፣ ወይ ዙም ታደርጋላችሁ። ከለጠጣችሁት ሰው ሁሉ ይወፍራል። ዙም ካደረጋችሁት የምስሉ ከፍታ አንድ ሦስተኛው ይሄዳል፤ ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች። ከላይ ያለው የሰው ጭንቅላት ነው። ከታች ያለው ጽሑፍ ነው።

አንድ የምረቃ በዓል ላይ የተመራቂው ስም ከፎቶው ሥር ይወጣ ነበር። አስተባባሪው «ይሙላ» አሉ፣ ተሞላ። ስሙ ጠፋ። አንዲት እናት ስልካቸውን ከፍ አድርገው የልጃቸውን ፎቶ ከነስሙ ሊያነሱ ሲጠብቁ የመጣው ከቅንድብ እስከ አገጭ ብቻ ነበር። ምረቃው አይደገምላቸውም። ሁለት ጥቁር ጠርዝ ይህን ያህል ያስጠላል?

ጥቁሩን ካልወደዳችሁት ከዝግጅቱ ጀምሩ። የፓወርፖይንቱን ገጽ 40 በ15 ሴንቲሜትር አድርጉት፤ ያው 8 በ3 ነው። ኮምፒውተሩ ሲያወጣው ከላይና ከታች ባዶ ጥቁር ይተዋል። ያኔ 150 በመቶ ዙም አድርጉ፤ የሚቆረጠው ያ ባዶው ብቻ ነው። ቪዲዮ የሚያዘጋጅላችሁ ሰው ካለ ደግሞ የግድግዳውን ቅርጽ ከቀረጻ በፊት ንገሩት። በዋዜማው ማታ ቢሰማ ምንም አያደርግላችሁም።

ሌሎቹ ስህተቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው። «ስክሪን በበዛ ቁጥር ምስሉ ይጠራል።» አይጠራም። አንድ ፉል ኤችዲ ምስል፣ ማለትም 1920 በ1080 ፒክስል (የምስል ነጥብ)፣ ለዘጠኝ ስክሪን ስታካፍሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 640 በ360 ፒክስል ነው።

«ምስሉ ከተዘበራረቀ ስክሪኑ ተበላሽቷል።» መጀመሪያ በስክሪኑ ሜኑ ውስጥ ለየስክሪኑ የተሰጠውን የቦታ ቁጥር እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱ ቁጥር ተቀያይሮ ነው።

«መገጣጠሚያው ላይ መስመሩ ከተሰበረ ምስሉን በሪሞት ገፋ ገፋ ማድረግ ነው።» ይሄኛውም ብዙ ሰው ያደክማል። የሁለት ስክሪን ጠርዝ ሲገናኝ መሀል ላይ ምስል የሌለበት ክፍተት ይፈጠራል። ባለ 55 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ 3.5 ሚሊሜትር ክፍተት ማለት ስድስት ፒክስል ገደማ ነው። ለዚህ ሜኑው ውስጥ የጠርዝ ማካካሻ አለ፤ ያንን ያህል ምስል ከጠርዙ ጀርባ ይደብቀዋል፣ መስመሩም ይቃናል። ለቪዲዮ ክፈቱት። ሠንጠረዥና ጥቃቅን ጽሑፍ ስታሳዩ ግን ዝጉት፤ የተደበቀው ፒክስል ፊደል ይበላል።

በሪሞት አንዱን ብቻ ማስተካከል የግድ ከሆነ ደግሞ ጨረሩ ጎረቤት ስክሪኖችንም እንደሚያገኝ አትርሱ። የአንዱን ምስል ወደ ግራ ስትገፉ አጠገቡ ያሉትም አብረው ይሄዳሉ። ለየስክሪኑ መለያ ቁጥር ስጡና ሪሞቱን በዚያ ቁጥር እዘዙት። ይህ ከሌለው የሌሎቹን መቀበያ በካርቶን ሸፍናችሁ ሥሩ።