«ደረጃ 3 ኪንታሮት» ምን ማለት ነው?

በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የውስጥ ኪንታሮት (በፊንጢጣ ውስጥ ያበጠ የደም ሥር) ደረጃ የሚነገረው በመጠኑ ሳይሆን ከፊንጢጣ በመውጣቱ ነው። ደረጃ 1 ይደማል እንጂ አይወጣም፤ 2 ሲያምጡ ወጥቶ ራሱ ይመለሳል፤ 3 በጣት ካልተገፋ አይገባም፤ 4 ቢገፋም አይገባም። ሕመሙ እጅግ የተለመደ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም።

ለ2ና ለአንዳንድ 3 ሥሩ በላስቲክ ይታሰራል፤ ደም ስለማያገኝ በሳምንት ገደማ ይረግፋል። የባሰው 3ና 4 ተቆርጦ ይወጣል። እዚህ ላይ በቁስሎቹ መካከል ጤነኛ ቆዳ ካልተተወ፣ ሲድን ፊንጢጣው ይጠባል። (በባህል መድኃኒት ማቃጠልም ለዚሁ ይዳርጋል።) ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለብ ባለ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ያስታግሳል። ሕመም ፈርቶ ሰገራን መያዝ ግን ያደርቀዋል፤ ሲወጣም ቁስሉን ይቀድዳል።