በጀርባ ቀዶ ሕክምና ላይ «የተተወው» ስፖንጅና ጠባሳው

እዚህ ጅማ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች በምናስታምም ቤተሰቦች መካከል ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ ሐኪሙ «ደም ማቆሚያ ስፖንጅ ትተንበታል» ሲል ተረስቶ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው ወይ የሚል። አይደለም። የቀዶ ሕክምና ጨርቅ ተቆጥሮ ገብቶ ተቆጥሮ የሚወጣ ሲሆን፣ ከጄላቲን የተሠራው ስፖንጅ ግን ደሙን ካረጋ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ሰውነት መጥጦት እንዲጠፋ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ደም ሲነካው ስለሚያብጥ፣ ነርቭ አጠገብ ሐኪሞች በጥቂቱ ይጠቀሙበታል ወይም ደሙ ከቆመ በኋላ ያወጡታል። ለአጥንት መድማት የሚቀባው ሰም በአንጻሩ አይሟሟም።

በነርቩ ሽፋን ላይ የተጠራቀመ ደም ሲረጋ ጠባሳ የሚሠሩ ሴሎች ይገቡበትና ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ ሥጋ ይለውጡታል። ጠባሳ መፈጠሩ እርግጥ ነው፤ መጠኑና ሕመም ማምጣቱ ግን ከሰው ሰው ይለያያል፣ ብዙዎችም ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ።

ለምሳሌ ዲስኩ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል አካል) በቀዶ ሕክምና የወጣለት አንድ የቡና ገበሬ ከወራት በኋላ እግሩን እንደገና ቢያመው፣ ምክንያቱ ጠባሳ ወይም ዳግም የተንሸራተተ ዲስክ ሊሆን ይችላል። ጋዶሊኒየም የተባለ ምስል የሚያጎላ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ በሚነሳ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) ጠባሳው ይደምቃል፣ ዲስኩ ግን ባብዛኛው ከዳሩ በቀር አይደምቅም። ጠባሳን ብቻ ለማንሳት ዳግም መቅደድ አዲስ ጠባሳ ስለሚያስከትል ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግር ቢዝል ወይም ሽንት እምቢ ቢል ግን የተጠራቀመ ደም ነርቩን ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያድር ወደ ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል።