የአዛዥ ተጠያቂነት ምንድን ነው?

አዳማ ከቢሾፍቱ ቅርብ ስለሆነች ይመስለኛል፣ እዚህ የአየር ኃይል ወሬ አይጠፋም። የአንዱ አባት የአውሮፕላን ሜካኒክ ነበር፣ የሌላው አጎት አብራሪ። የትም አገር የጦር አውሮፕላን ወደቀ ሲባል ክርክሩ ይጦፋል። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ያበረረው አብራሪው፣ አዛዡ ቢሮው ቁጭ ብሎ በምን ይጠየቃል?» ብሎ ጻፈ፣ ብዙ ሰውም ደገፈው። ይሄን አባባል በጣም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በበረራ ደህንነት ሥራ ላይ ያረጀ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም።

አዛዡ መሪውን ይዞ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ እኮ አይደለም ነገሩ። ማን እንዲበር፣ በየትኛው አውሮፕላን፣ ለምን ግዳጅ እንዲወጣ የፈቀደው ማን ነው? በረራው ይሰረዝ የማለት ሥልጣኑስ የማን ነበር? አዛዥ ሥራውን ለበታቾቹ ያከፋፍላል። ተጠያቂነቱ ግን አብሮ አይወርድም።

ከአዳማ መናኸሪያ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሚኒባስ እንውሰድ። ፍጥነት መንገዱ ላይ ቢገለበጥ መጀመሪያ የሚያዘው ሹፌሩ ነው፣ ልክ ነው። ግን ባለንብረቱ ጎማው ማለቁ ተነግሮት «ይቺን ሳምንት ይሥራና እንቀይራለን» ብሎ ከሆነስ? ሹፌሩን እንቅልፉን ካልሠዋ የማይሞላ የቀን ገቢ ጠይቆትስ ከሆነ? ረዳቱ ደውሎ «ሰውዬው አነዳዱ ያስፈራል» ሲለው «ተወው፣ ልምድ ያለው ነው» ብሎስ ከሆነ? ባለንብረቱ መኪናው ውስጥ አልነበረም። አደጋው ግን ሚኒባሱ ከመናኸሪያ ሳይወጣ ነው የተጀመረው። ልዩነቱ፣ ሹፌር ሲመረው ቁልፉን ጥሎ ሌላ መኪና ይፈልጋል፤ ወታደር ግን ትእዛዝ አለበት፣ አልበርም የማለት ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ አዛዡ ላይ ያለው ሸክም ከባለንብረቱ ይብሳል።

ለዚህ በፌርቻይልድ የአየር ኃይል ሰፈር ከደረሰው አደጋ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ሰኔ 1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ለአየር ትርኢት ልምምድ የወጣ ቢ-52 ለማረፍ ሲመጣ ማኮብኮቢያው ላይ ሌላ አውሮፕላን ነበር። አብራሪው ሌተና ኮሎኔል ሆላንድ የመቆጣጠሪያ ማማውን ልዙር አለ። ያንን ግዙፍ ቦምብ ጣይ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ዝቅ ብሎ እያበረረ ክንፉን አዘነበለ፣ አዘነበለ፣ 90 ዲግሪ አለፈና ወደቀ። ውስጡ የነበሩት አራቱም ሞቱ።

«የአብራሪ ስህተት» ብሎ መዝጋት ይቻላል፣ ስህተቱም የሱ ነው። ግን ሰውዬው ከ1991 ጀምሮ በየትርኢቱ ከተፈቀደው በላይ ሲያዘነብልና ሲወርድ ታይቷል። ደግሞም የሌሎችን አብራሪዎች ብቃትና ደንብ አክባሪነት የሚመዝነው ክፍል ኃላፊ እሱ ራሱ ነበር! የስኳድሮን (የአውሮፕላን ጓድ) አዛዡ ማክጊሃን ከበረራ ይታገድ ብሎ ጠየቀ። የበላዩ ኮሎኔል ፔለሪን በቃል ገሥጾ አለፈው። የቃል ተግሣጽ ደግሞ ወረቀት ላይ አይቀርም፣ አዛዥ በተቀየረ ቁጥር አዲሱ ሰው ፋይሉን ሲከፍት ምንም አያገኝም። ማክጊሃን በሥሩ ያሉትን አብራሪዎች ከሆላንድ ጋር ላለመላክ ብሎ እሱ ራሱ አብሮት መብረር ጀመረ፣ ያን ቀንም ረዳት አብራሪ ሆኖ አብሮት ሞተ። ፔለሪን አውሮፕላኑ ውስጥ አልነበረም። ግን ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ ግዴታውን አለመወጣቱን አምኖ ተቀጣ። አስተያየት ሰጪው ይሄን እንዴት ያየው ይሆን?

ተቃራኒውም እኩል ያናድደኛል። ስብርባሪው ሳይነሳ «አዛዡ ይባረር» የሚለው ማለቴ ነው። ተጠያቂነት የሚመዘነው አዛዡ ያኔ በሚያውቀውና ማወቅ በነበረበት ነው፣ እኛ ዛሬ በምናውቀው አይደለም። የአሜሪካ አየር ኃይል ለዚህ ሁለት ምርመራ ይለያል፤ አንዱ ለደህንነት ብቻ፣ ሌላው ለሕግና ለሕዝብ። ሜካኒኩ «የብሎኑን ጥብቀት ደግሜ አልለካሁም» ብሎ የተናገረው ቃል መቀጫው የሚሆን ከሆነ ሁለተኛ አይናገርም፣ ቀጣዩ አውሮፕላንም በዚያው ብሎን ይወድቃል።

የሞተ አብራሪ ላይ መፍረድ ደግሞ ቀላል ነው፣ መልስ አይሰጥማ። እንግሊዞች ሰኔ 1994 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ ቺኑክ ሄሊኮፕተር ተከስክሶ 29 ሰው ሲሞት ከፍተኛ መኮንኖቻቸው ሁለቱን ሟች አብራሪዎች በከባድ ቸልተኝነት ጥፋተኛ አሏቸው። ብይኑ የተነሳው በ2011 ነው። ቤተሰቦቻቸው ያን ሁሉ ዓመት ምን ሆነው እንደኖሩ አስቡት።

«አዛዥ ሁሉ ከተጠየቀ ማን ደፍሮ ያዛል?» የሚል መከራከሪያም አይቀርም። መልሱ እዚያው እንግሊዝ አለ። በ2006 ኒምሮድ የተባለው አውሮፕላን አፍጋኒስታን ላይ ተቃጥሎ 14 ሰው ከሞተ በኋላ፣ የ2009ኙ ግምገማ ችግሩ ከአብራሪዎቹ እጅ በጣም ርቆ ደህንነቱን ወረቀት ላይ ብቻ ያረጋገጡት ዘንድ እንዳለ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት፣ በሰው ሕይወት ላይ ለሚያመጣው ስጋት በግሉ የሚጠየቅ መኮንን በስም ይመደባል፣ ስጋቱ ከልክ አለፈ ካለም በረራ የማስቆም ሥልጣን አለው። አየር ኃይላቸው ዛሬም ይበራል፣ ያንን ወንበር የሚይዝ አዛዥም አልጠፋም።