ሬዚስታንስንና ኃይልን ከቮልቴጅና ከከረንት ማስላት፦ በጎጃም ቤቶችና ወፍጮ ቤቶች

የአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሬዚስታንስ (ለከረንት ፍሰት ያለው ተቃውሞ) እና የሚወስደው ኃይል ከሁለት ልኬቶች ይሰላል፤ በዕቃው ሁለት ጫፎች መካከል ካለው ቮልቴጅ (ከረንቱን ከሚገፋው ግፊት) እና በውስጡ ከሚያልፈው ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት)። ቮልቴጁ ለከረንቱ ሲካፈል ሬዚስታንሱ በኦም ይገኛል፤ በከረንቱ ሲባዛ ደግሞ ኃይሉ በዋት። የመጀመሪያው ዝምድና ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ ነው።

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣም ሆነ በዳንግላ መብራት በገባበት ቤት ብዙ ኃይል የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ነው። ከሸክላው ሥር የተጠመጠመው ሽቦ ሲግል ሬዚስታንሱ ብዙም ስለማይለወጥ ለስሌቱ ምቹ ነው። በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚስብ ምጣድ ሬዚስታንሱ 13.75 ኦም፣ ኃይሉ 3,520 ዋት ይሆናል። ማታ ማታ መብራቱ ደክሞ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ 13.75 ኦሙ ያው ነው፤ ከረንቱ ግን ወደ 13.1 አምፔር፣ ኃይሉም ወደ 2,356 ዋት ይወርዳል። ቮልቴጁ የቀነሰው 18 በመቶ ሲሆን ሙቀቱ የቀነሰው 33 በመቶ ነው፤ ምክንያቱም ኃይል የሚከተለው የቮልቴጁን ካሬ ነው። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ልሙጥ ሆኖ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚታማው ሊጡ ወይም ጤፉ ነው። ሊጡ ከመታማቱ በፊት ቮልቴጁ ሊለካ ይገባል።

ልኬቱ ዋጋ የሚኖረው ዕቃው እየሠራ ሲለካ ነው። ቮልቴጅ የሚለካው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ነው። ከረንቱን በክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦን በመንጋጋው አቅፎ በሚለካ መሣሪያ፣ መለካት ከሁሉም ይመረጣል፤ መንጋጋው ግን አንዷን ሽቦ ብቻ ማቀፍ አለበት። ፌዙን (አምጪውን ሽቦ) እና ኒውትራሉን (መላሹን ሽቦ) አንድ ላይ ካቀፈ የሁለቱ ተቃራኒ ከረንቶች ስለሚጠፋፉ ንባቡ ዜሮ ይሆናል። ተራ ቴስተር (ቮልት፣ አምፔርና ኦም የሚለካ መሣሪያ) በአብዛኛው ከ10 አምፔር በላይ አይችልም፤ ምጣድ አይለካበትም። በአምፔር ላይ የተደረገ ቴስተር ሶኬት ውስጥ ከተከተተ ደግሞ አጭር ዙር (ሾርት) ይፈጠራል፤ እጅንና ፊትን ያቃጥላል። በኦም መለካት የሚቻለው ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎ ብቻ ነው። ይህም ለምጣድ ይሠራል እንጂ ለክር አምፖል አያገለግልም፦ የ100 ዋት አምፖል ሲበራ 484 ኦም ያህል ቢሆንም ቀዝቅዞ ሲለካ ከ50 ኦም በታች ያሳያል።

ከዚህ ስሌት ትልቁ ጥቅም ጉድለቱ የት እንዳለ መለየቱ ነው። ምጣዱ ሳይበራ ሶኬቱ ላይ 215 ቮልት የነበረው ሲበራ 195 ከሆነ፣ 20 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ከረንቱ 14.2 አምፔር ስለሚሆን የመስመሩ ሬዚስታንስ 1.4 ኦም ያህል፣ መስመሩ ውስጥ በሙቀት የሚጠፋው ደግሞ 284 ዋት ነው። ይህ ሙቀት በአንድ በላላ ማሰሪያ ላይ ካረፈ ሶኬት ያቀልጣል። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ከቆጣሪ እስከ ማድ ቤት 30 ሜትር ቢሄድ ደርሶ መልሱ 0.41 ኦም ብቻ ነው፤ 1.4 ኦም ከተገኘ መንገዱ ላይ የሆነ ቦታ የላላ ወይም የዛገ ማሰሪያ ሊኖር ይችላል። ያንኑ ልኬት ቆጣሪው አጠገብ መድገም ነው፤ እዚያም ያን ያህል ከወረደ ችግሩ ከምሰሶው ወይም ከትራንስፎርመሩ ወገን ነው፣ ካልወረደ ከቤቱ ሽቦ። የቆጣሪውን ክዳን መክፈት ግን የመብራት ኃይል ሠራተኛ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረውና 11.4 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የነበረው ጢስ ዓባይን የመሰለ ጣቢያ ኃይሉን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚልከውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ቮልቴጁ በእጥፍ ሲያድግ ከረንቱ በግማሽ፣ በሽቦው የሚጠፋው ኃይል ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል።

የተቃጠለ የምጣድ ሽቦ ተቆርጦ ሲቀጠል ስሌቱን መርሳት አደጋ አለው። ሽቦው በአንድ አሥረኛ ካጠረ 13.75 ኦሙ 12.4 ይሆናል፤ ከረንቱ ወደ 17.8 አምፔር፣ ኃይሉ ወደ 3,900 ዋት ይወጣል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ሊዘጋ፣ ሽቦውም ቶሎ ሊበጠስ ይችላል። ብሬከሩን በትልቅ መተካት መፍትሔ አይደለም፤ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ያለ ጠባቂ መተው ነው።

የወፍጮ ሞተር ሌላ ባሕርይ አለው። ቮልቴጁን ለከረንቱ አካፍሎ የጥቅልሉን ሬዚስታንስ ማግኘት አይቻልም፤ የሚሽከረከር ሞተር በራሱ ውስጥ ተቃራኒ ቮልቴጅ ስለሚፈጥር ከረንቱ ይገደባል። ሲነሳ ግን ይህ ስለሌለ ከመደበኛው 6 ወይም 7 እጥፍ ይስባል፤ እህሉ ሞተሩ ሙሉ ፍጥነት ሳይዝ መለቀቅ የሌለበት ለዚህ ነው። ለሦስት ፌዝ ሞተር ኃይሉ 1.73 በቮልቴጁ፣ በከረንቱና በፓወር ፋክተሩ (ከሚሳበው ከረንት ምን ያህሉ ሥራ ላይ እንደሚውል በሚያሳየው ቁጥር) ሲባዛ ነው፦ በ380 ቮልት 30 አምፔር፣ በ0.85 ፓወር ፋክተር፣ 16.8 ኪሎ ዋት ያህል። ቮልቴጅ ሲወርድ ምጣድ ከረንቱን ይቀንሳል፤ የተጫነ ሞተር ግን ያንኑ ሥራ ለመሥራት ይበልጥ ይስባል፣ ይግላል፣ መከላከያ ከሌለውም ጥቅልሉ ይቃጠላል።

የተሰላውን ኃይል ከቆጣሪው ጋር ማመሳከር ይቻላል። በኪሎ ዋት ሰዓት 1600 ጊዜ ብልጭ እንደሚል የተጻፈበት ዲጂታል ቆጣሪ፣ 3,520 ዋት ምጣድ ብቻ ሲሠራ በደቂቃ 94 ጊዜ ያህል ብልጭ ማለት አለበት። ከዚህ በጣም ከበለጠ መጀመሪያ ሌላ የበራ ዕቃ መኖር አለመኖሩ ይታያል፤ ምጣዱም ጠፍቶ ብልጭታው ካልቆመ ብሬከሮቹ ተራ በተራ እየተዘጉ ኃይል የሚያፈሰው መስመር ይፈለጋል።